ለክፉ ቀን የቆመች መኪና

በገዳማችን ግቢ ከጥዱ ሥር አንዲት ነጭ ባለሰባት መቀመጫ መኪና ቆማለች። ከተሳላሚዎች ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁም አዋጥታችሁ የገዛችኋት እናንተው ናችሁ። ቁልፏ ለእኔ ከተሰጠ አምስተኛ ዓመቱን ይዟል። ስለ እርሷ የምጽፈው ለምስጋና ብቻ አይደለም። ስጦታችሁን እጠብቃለሁ ብዬ እንዴት ላጠፋት እንደ ነበር ልነግራችሁ ዕዳ አለብኝ።

መኪናዋ የተገዛችበት ምክንያት ግልጽ ነበር። ኢየሩሳሌም ውስጥ ለዕለት ጉዳይ መኪና እምብዛም አያስፈልገንም። ወደ ዴር ሡልጣን የሚኬደው በእግር ነው፤ የአሮጌዋ ከተማ ጠባብ መተላለፊያም ለመኪና አይሆንም። ለገበያና ለቢሮ ጉዳይ አውቶቡስና የከተማ ባቡር አለ። ነገር ግን ዓርብ ከፀሐይ መግቢያ በፊት አንሥቶ እስከ ቅዳሜ ምሽት ባቡሩ ይቆማል፤ አብዛኛው አውቶቡስም አይሠራም። የአረጋውያን አባቶችና እናቶች ሕመም ደግሞ ቀን አይመርጥም። ስለዚህ መኪናዋ በልደት ወደ ቤተ ልሔም፣ በጥምቀት ወደ ዮርዳኖስ እንድትሄድ፣ በትንሣኤ ሰሞን እንግዶችን ከአውሮፕላን ማረፊያ እንድትቀበል፣ ከዚያ ውጭ ግን ለክፉ ቀን እንድትቆም ታሰበ።

እኔም «ለክፉ ቀን» የሚለውን ቃል በልጅነቴ ቤት እንደማውቀው ተረዳሁት። እናቴ ለክፉ ቀን ያለችውን እህል በጎታ ከትታ አፉን በጭቃ ትመርገዋለች፤ ችግር እስኪመጣ ማንም አይነካውም። መኪናዋንም እንዲሁ አደረግኋት። ሸራ አለበስኋት፤ የእጅ ፍሬኗን አጥብቄ ሳብሁ፤ ቤንዚን በከንቱ አይቃጠል ብዬ ያለ በዓል አላንቀሳቅሳትም ነበር። በሦስት ዓመት ውስጥ የሄደችው 4,100 ኪሎ ሜትር ብቻ መሆኑን ለመጋቢ አባታችን ሳሳያቸው ደስ ይለኝ ነበር። እንግዶችም ሸራውን ስገልጥላቸው «አዲስ እኮ ናት!» ይሉኝ ነበር። የዓመቱን የተሽከርካሪ ምርመራ ስታልፍ ደግሞ ጥበቃዬ ትክክል ለመሆኑ ማስረጃ አድርጌ ቆጠርሁት። ምርመራው ግን የሚያየው የአንድን ቀን ሁኔታ ነው፤ የቀሩትን ቀናት ማየት የጠባቂው ድርሻ ነበር።

በታኅሣሥ ወር አንድ ዓርብ ሌሊት፣ ሰባት ሰዓት ገደማ፣ የክፍሌ በር ተንኳኳ። አንዲት እናት ነበሩ። «እማሆይ መተንፈስ አቅቷቸዋል» አሉኝ። እማሆይ በገዳሙ ከሠላሳ ዓመት በላይ የኖሩ፣ ብዙዎቻችን ሕፃን ሆነን እንደ መጣን ሁሉ «ልጄ» እያሉ ያሳደጉን ናቸው። ከአባቶች አንዱ አምቡላንስ እንጥራ ሲሉ፣ «መኪናችን አለች አይደለም እንዴ? እርሱ እስኪመጣ እኛ እንደርሳለን» ያልሁት እኔ ነኝ።

ብርድ ነበር፤ ዝናብም ያካፋል። እማሆይን በጋቢ ጠቅልለን ለሁለት ደግፈን አወረድናቸውና ከኋላ ወንበር አስቀመጥናቸው። ቁልፉን ሳዞር መብራቶቹ ደብዘዝ ብለው በሩ፤ ሞተሪኖው አንድ ጊዜ ቀጭ አለና ዝም አለ። ደግሜ አዞርሁ፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። በሦስተኛው መብራቱም ጠፋ። ከዚያ በኋላ በመኪናዋ ውስጥ የሚሰማው የእማሆይ ትንፋሽ ብቻ ነበር። ኮፈኑን ከፍቼ የባትሪውን ማሰሪያ ነካካሁ፤ ለመግፋት ሞከርን፤ የተሳበው የእጅ ፍሬን ግን ቢለቀቅም የኋላ ጎማዎቹ እንደ ተነከሱ ቀሩ። አምቡላንሱን ያን ጊዜ ጠራነው፤ ፈጥኖም መጣ። እኔ ያባከንሁት ጊዜ ሃያ ደቂቃ ያህል ነበር። የአምቡላንሱ ባለሙያ «መቼ ጀመራቸው?» ብሎ ሲጠይቀኝ ሰዓቱን የነገርሁት አንገቴን ደፍቼ ነው።

እማሆይ አሥራ አንድ ቀን ሆስፒታል ተኝተው በሕይወት ተመለሱልን። በመካከሉ ግን እኔ ድስት ጥዶ እንደሚያለቅስ ሰው ሆኜ ነበር።

በማግሥቱ ቅዳሜ በዋዲ አልጆዝ ካሉት ጋራዦች አንድ መካኒክ ለምኜ አመጣሁ። ዕድሜው የገፋ፣ ንግግሩ አጭር የሆነ ፍልስጤማዊ ነበር። በእኔ ስብርባሪ ዓረብኛና በእርሱ የእጅ ምልክት ተግባባን። ኮፈኑን እንደ ከፈተ ሳቀ። ከአየር ማጣሪያው አጠገብ አይጥ ከጥድ ቅጠልና ከሸራዬ ክር ጎጆ ሠርታ፣ አንዱንም ሽቦ ልጣ በልታዋለች። እኔ ከፀሐይ ልጠብቅበት ያለበስሁት ሸራ ለአይጧ ጥሩ ቤት ሆኖላት ኖሯል። ቀጥሎ ባትሪውን ለካ፤ 11.4 ቮልት። ደኅና ባትሪ ሞተሩ ጠፍቶ ሲለካ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ 12.4 ሲሆን ሩብ ያህሉ ጎድሏል፤ ወደ 12 ሲወርድ ባዶ ሊባል ይችላል።

«ማንም ሳይነካው ማን ጨረሰው?» አልሁት።

«ማንም ስላልነካው ነዋ!» አለኝ።

ነገሩን ዘርዝሮ አስረዳኝ። መኪና ቆማም ትበላለች። ሰዓቷ፣ የበሯ መቆለፊያ፣ የሌባ ማስጠንቀቂያዋ ሌት ተቀን ጥቂት ጥቂት ኤሌክትሪክ ይስባሉ። ባትሪውም በራሱ ቀስ እያለ ይደክማል። ጎድሎ ለብዙ ጊዜ ሲቀመጥ ደግሞ በውስጡ ባሉት የእርሳስ ሰሌዳዎች ላይ የሚፈጠረው ጨው ይደርቅና ከዚያ በኋላ ቢሞላም ኃይል አይዝም። ብርድ ሲጨመርበት የቀረው ጉልበቱም ይቀንሳል። በሌሊት፣ በክረምት፣ በድንገት ስንፈልጋት ያጣናት ስለዚህ ነው። እኔ «ቸግሮኝ ስነሣ ትነሣለች» ያልሁባት ሰዓት ለእርሷ ከሰዓቶች ሁሉ የከፋችው ነበረች።

ይህን ሰምቼ አዲስ ባትሪ ከተገባላት ነገሩ ያበቃ መስሎኝ ነበር። እርሱ ግን የፍሬን ዘይቱን ክዳን ከፍቶ በትንሽ መለኪያ ነካውና ፊቱ ተለወጠ።

«ከዚህ በኋላ ወዴት ነው የምትሄዱባት?» አለኝ።

«ለጥምቀት ወደ ዮርዳኖስ፤ ሰባት ሰው ይዘን» አልሁት።

«እንግዲያው አለመነሣቷን አትፍራ፤ ተነሥታ ብትሆን ኖሮ ነው መፍራት ያለብህ» አለኝ።

የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይጠጣል፤ ይህም መኪናዋ ብትነዳም ብትቆምም የማይቀር ነው። ከተለመዱት ዓይነቶች አንዱ፣ ዶት 4 የሚባለው፣ አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሳይፈላ ይታገሣል፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን የመፍያው ልክ እስከ 155 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ኢየሩሳሌም ከባሕር ወለል በላይ ከ750 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ የጥምቀቱ ስፍራ ደግሞ ከባሕር ወለል በታች 400 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ሃምሳ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ከ1,100 ሜትር በላይ ይወረዳል ማለት ነው። እኔም ያን ቁልቁለት እግሬን ከፍሬን ሳላነሣ ነበር የምወርደው። ፍሬኑ ሲግል፣ ውሃ የጠጣው ዘይት ሲፈላ፣ በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ደግሞ ሲጨመቅ ይሸሻል፤ ያን ጊዜ እግር ፍሬኑን እስከ ወለሉ ቢረግጠውም ጎማው አይያዝም። በዘይቱ ላይ ከሦስት ዓመት በላይ ሆኖታል። በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ መለወጥ ነበረበት።

ባለፈው ጥምቀት ያሳፈርኋቸውን ሰዎች አንድ በአንድ አስታወስሁ። ከመካከላቸው ሕፃን የታቀፈች እናት ነበረች።

ቀሪውንም በየተራ አሳየኝ። ጎማዎቹ ጥርሳቸው እንደ አዲስ ጎልቶ ይታያል፤ በጎናቸው ግን እንደ ደረቀ የወንዝ ዳር ጭቃ ተሰነጣጥቀዋል። በጎማ ጎን ላይ ከሚታተመው ቁጥር የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች የተሠራበትን ጊዜ ይናገራሉ፤ 1419 ቢል በፈረንጆች 2019 ዓመት በ14ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጎማ በመሄድ ብቻ ሳይሆን በዕድሜም ያረጃል። ከስድስት ዓመት ወዲህ በየዓመቱ ማስመርመር፣ ከአሥር ዓመት በላይ ግን ጥርሱ ቢኖርም አለመጠቀም ይመከራል። በአንድ ቦታ ብዙ ወር ሲቆም ደግሞ የተኛበት ጎን ይጠፈጠፋል። የሞተር ዘይትም ኪሎ ሜትሩ ባይሞላም በዓመት አንድ ጊዜ መለወጥ አለበት። ቤንዚን እንኳ ይበላሻል፤ ወራት ሲያልፉ ቀላሉ ክፍሉ ይተናል፤ የቀረው እንደ ሙጫ ወፈር ይላል። ታንከሩ ግማሽ ሆኖ ከቆመ በባዶው ክፍል ያለው እርጥብ አየር ወደ ውሃነት ይለወጣል። የእጅ ፍሬኑን አጥብቆ ስቦ ለወራት መተው ደግሞ በዝገት እንዲጣበቅ ማድረግ ነው፤ በዚያች ሌሊት የኋላ ጎማዎቹን የያዛቸው ይኸው ነበር።

«እንግዲያው በየሳምንቱ አምስት ደቂቃ ባስነሣትስ?» አልሁት። እጁን ነቀነቀ። ለማስነሣት የወጣው ኃይል በአምስት ደቂቃ ቆሞ በመሥራት በሚገባ አይተካም። ቤንዚን ሲቃጠል ውሃም ይፈጠራልና ሞተሩ በደንብ ሳይግል ከጠፋ ያ እርጥበት በዘይቱና በጭስ ማውጫው ውስጥ ይቀራል። ባትሪን ሁልጊዜ ሙሉ አድርጎ የሚጠብቅ ቻርጀር አለ፤ ግን የሚጠብቀው ባትሪውን ብቻ ነው። ጎማውና ፍሬኑ የሚሻቸው መሄድ ነው። ስለዚህ በሳምንት፣ ቢበዛ በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት በመንገድ ላይ መንዳት ይገባል።

ሒሳቡ ሲመጣ የሦስት ዓመት ቁጠባዬ በአንድ ቀን ተበላ። ባትሪ፣ አራት ጎማ፣ የፍሬን ዘይትና የኋላ ፍሬን፣ የተበላው ሽቦ፣ የእጅ ዋጋ ሲደመር እኔ ያተረፍሁትን ቤንዚን ብዙ እጥፍ በለጠው። በጉባኤ ስንነጋገር ብትሸጥ ይሻላል ያሉ ነበሩ፤ ሲያስፈልግ ታክሲ ይጠራ አሉ። ሐሳባቸው የሚናቅ አልነበረም። መጋቢ አባታችንም፣ «ያለ ጉዳይ ወዲያ ወዲህ ብትላት የተሳላሚውን ገንዘብ ማቃጠል አይሆንም ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም።

መልሱን ያገኘሁት ከእማሆይ ነው። ከሆስፒታል በተመለሱ በሦስተኛው ቀን ይቅርታ ልጠይቃቸው ገባሁ። የሆነውን ሁሉ ስነግራቸው ጸጥ ብለው ሰሙኝ፤ ከዚያም እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ እኔ ሦስት ቀን በአልጋ ላይ ብውል ጉልበቴ ጥሎኝ ሄደ። በአራተኛው ቀን ነርሷ በግድ አስነሥታ በኮሪደሩ ወዲያና ወዲህ አመላለሰችኝ። ክፉ ሴት መስላኝ ነበር። ለካ እርሷ ነበረች ያዳነችኝ። አንተም ያችን መኪና አመላልሳት። ባዶዋን አትሂድ ግን፤ ለሚሄድበት ሰው የሚሆን ነገር ይዘህ ሂድ።»

ሁለተኛውን ቃላቸውን ለመጋቢ አባታችን አደረስሁ። በኢያሪኮ ያሉት አባቶች ዱቄትና የምግብ ማብሰያ ጋዝ በኪራይ መኪና እንደሚያስመጡ ያን ጊዜ አስታወስን። በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ እኛ እናድርስላቸው ተባለ፤ በመካከሉ ባለው ሐሙስ ደግሞ ለሐኪም ቀጠሮ ያላቸውን አረጋውያን እንድወስድ ተወሰነ። መኪናዋ ትኖርበት ዘንድ የሚያስፈልጋት መንገድ ለካ ሌሎች የሚፈልጉት መንገድ ነበር።

ጉልበታቸው ሲጠና እማሆይ ራሳቸው ከፊት ወንበር ተቀምጠው ወደ ኢያሪኮ አብረውኝ መውረድ ጀመሩ። አሁን ቁልቁለቱን በማርሽ ነው የምወርደው፤ ማርሽ ቀንሼ ሞተሩ ራሱ እንዲይዛት አደርጋለሁ፤ ፍሬኑን አልፎ አልፎ ብቻ እነካለሁ። የደጉ ሳምራዊ ማረፊያ ተብሎ የሚጠራውን ስፍራ እናልፋለን፤ ከባሕር ወለል ጋር እኩል መሆናችንን የሚያመለክተው ሰሌዳ ጋ ስንደርስ እማሆይ ጆሯቸውን ይይዛሉ። ኢያሪኮ ሲደርሱ ነጠላቸውን ላላ አድርገው «እዚህ ደግሞ በጋ ነው» ይላሉ። ስንመለስ አባቶች የሰጡንን ብርቱካን ይዘን ሽቅቡን እንወጣለን፤ መኪናዋም በደንብ ትግላለች።

ይህን የምጽፈው ለገዳማችን ነዋሪዎች ብቻ አይደለም። ከአውሮፓም ከአሜሪካም መኪናችሁን በር ላይ አቁማችሁ ለሳምንታት የምትመጡ ተሳላሚዎች አላችሁ። ከመነሣታችሁ በፊት ታንከሯን ሙሏት፤ ለጎማዎቿ ነፋስ ጨምሩላት። ሜዳ ላይ ከሆነች የእጅ ፍሬኑን አትሳቡ፤ ማርሽ አስገብታችሁ በጎማው ሥር ታኮ አድርጉላት። የቤተ ሰብ ሰው ካለ ቁልፉን ስጡትና ግማሽ ሰዓት ያህል ይንዳት፤ ከሌለ የባትሪውን ኔጋቲቭ ማሰሪያ አስፈቱት። የምግብ ፍርፋሪ በውስጧ አትተዉ፤ የአይጧን ነገር እኔ አይቼዋለሁ። ስትመለሱም ወደ አውራ ጎዳና ከመውጣታችሁ በፊት በደጃችሁ በቀስታ እየሄዳችሁ ፍሬኑን ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክሩት።

እኔም በመኪናዋ ኪስ ውስጥ አንድ ደብተር አኑሬአለሁ። ቀን፣ ኪሎ ሜትር፣ የባትሪው ቮልት፣ የጎማው ነፋስ ይጻፍበታል፤ የፍሬን ዘይቱ መቼ እንደ ተለወጠና መቼ እንደሚለወጥ በመጀመሪያው ገጽ ላይ በቀይ ተጽፏል። ከእኔ በኋላ ቁልፉን የሚቀበል ሰው የእኔን ሌሊት እንዳይደግመው ብዬ ነው።

በዚህ ዓመት በሰኔ ሌላ አባታችን በሌሊት ታመሙ። በመጀመሪያ ያደረግነው አምቡላንስ መጥራት ነው፤ መኪናችን አለች ያለ ማንም አልነበረም። አምቡላንሱ ሲመጣ ግን ከአንድ ሰው በላይ አብሮ መሄድ አልተቻለም። እኔ ቁልፉን አዞርሁ፤ ሞተሩ በአንድ ጊዜ ተነሣ። የአባታችንን መቋሚያ፣ ነጠላ ጫማቸውን፣ የመድኃኒታቸውን ከረጢትና ሁለት መነኮሳትን ይዤ ከኋላ ተከተልሁ። ጎሕ ሲቀድ ሐኪሙ አሰናበታቸው፤ ቅዳሜ ነበርና ባቡር አልነበረም፤ ወደ በዓታቸው የመለስኋቸው እኔ ነኝ።

ግቢ ስንገባ እማሆይ በደጃቸው ቆመው ይጠብቁ ነበር። አሁን ወደ ኢያሪኮ መውረድ ደክሟቸዋል። አባታችን በእግራቸው ሲወርዱ አዩና ፈጣሪን አመሰገኑ፤ ከዚያም ወደ እኔ ዞረው ሐሙስ ሐሙስ የሚጠይቁኝን ጥያቄ ጠየቁኝ።

«አመላለስሃት?»

«አዎን እማሆይ፤ አመላልሻታለሁ።»